የአበባ ብስኩት ዘር ማንዘር

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች የሚጋገረው የሎሚና የላቬንደር ብስኩት ጥሬ ዕቃው ሁሉ መጤ ነው። ስንዴውና የወተት ላሟ ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ገቡ፤ ሎሚው ትውልዱ እስያ ነው፤ ላቬንደሩ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ቁጥቋጦ ነው። ለኮሎራዶ የሚተርፋት ከፍታዋ ብቻ ነው። የዚህን ብስኩት ዘር መቁጠር የፈለገ ሰው፣ ጋብቻ እንደሚያጣራ ሽማግሌ፣ በእናትም በአባትም በኩል ሰባት ቤት መውረድ ይኖርበታል።

በቅቤው በኩል ያለው ዘር በጽሑፍ ተቀምጧል። በ1658 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በታተመው «ዘ ኮምፕሊት ኩክ» በተባለ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ የሽሩዝበሪ ብስኩት አለ። ቅቤው አንድ ሁለት ሰዓት በጽጌረዳ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይደፋል፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከደረቀ ዱቄት፣ ከእንቁላል፣ ከስኳርና ከዝንጅብል ጋር ይታሻል። ቫኒላ ሳይስፋፋ በፊት የእንግሊዝ ኬክ መዓዛው ጽጌረዳ ነበር። እንግዲህ የአበባ ብስኩት ለፎቶ ሲባል ትናንት የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ዘግይቷል።

ሐበሻን ደግሞ ጭራሽ ሊያስገርመው አይገባም። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት፣ ኮረሪማና በሶብላ ይገባበታል፤ በሶብላውም የሚደርቀው ከነአበባው ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የሚታሽበት ጭኮ ደግሞ የቅቤ ብስኩት የሥጋ ዘመድ ነው። አንዱ ታሽቶ ይጋገራል፤ የሌላው እህል አስቀድሞ እሳት ያይና በኋላ ይታሻል። ንጥር ቅቤን በቀጥታ ብስኩት ውስጥ ማስገባት ግን መላ ይፈልጋል። የአሜሪካ ገበያ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶው ስብ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ሊጡን የሚያያይዘውም ያ ውኃ ነው። ንጥር ቅቤ ውኃው ስላለቀ ብስኩቱ ገና ከትሪው ሳይነሣ ይፈረፈራል። አንድ የእንቁላል አስኳል ያስታርቀዋል። በጣዕም ረገድ ኮረሪማው ከሎሚ ጋር ይስማማል፤ አብሽ የበዛበት ቅቤ ግን ብስኩቱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።

የሎሚው ወገን የቤተሰብ ምስጢር አለው። አሜሪካ ያለው ትልቁ ቢጫ ሎሚና ኢትዮጵያ ውስጥ በየጉሊቱ የሚቸረቸረው ትንሹ ሎሚ ሁለት የተለያዩ ፍሬዎች ናቸው። በዘር ምርመራ ግን የሁለቱም አባት ትርንጎ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቢጫው የተወለደው ከመራራ ብርቱካን ነው፤ ትንሹ እናቱ ሌላ ናት። ከቡና ጋር የሚቀርበው ጤና አዳምም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ለብስኩት ዋናው ነገር ጭማቂው ሳይሆን በልጣጩ ላይ ያሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቢጫው ብቻ በስሱ ይፋቃል፤ ነጩ ይመርራል። ፍቃፊው ከስኳሩ ጋር በጣት ጫፍ ሲታሽ ስኳሩ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ መዓዛው ክፍሉን ይሞላል። ቅቤ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር፣ ማለትም አንድ ማይል ላይ ናት፤ ይህም በኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀርጿል፤ ከተማይቱም ትኮራበታለች። የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ስኳሩ ይበረታል፤ ብስኩቱ ይንጣለላል። በ1920ዎቹ ኢንጋ አሊሰን የተባለች መምህርት በፎርት ኮሊንስ የእርሻ ኮሌጅ ይህን ችግር በቤተ ሙከራ አጥንታለች። መፍትሔው ዛሬም ያው ነው፤ ስኳር መቀነስ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ዱቄት መጨመር፣ ሊጡን ማቀዝቀዝ። ቤኪንግ ፓውደር የሌለው የቅቤ ብስኩት ከኬክ ይልቅ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው አዲስ አበባ የሄደ ጋጋሪ ደግሞ ስለ ከፍታ ሲያስጠነቅቁት ሰባት መቶ ሜትር ያህል ወርዶ ነው የሚሰማው። የአውሮራ እህት ከተማ አዳማ ከፍታዋ ከአውሮራ ብዙም ስለማይርቅ፣ አሠራሩ እንዳለ ቢላክላት ያለ ማስተካከያ ሊጋገር ይችላል።

አበባውን የሚመለከተው ታሪክ የበለጠ ጠመዝማዛ ነው። ላቬንደር ሽታውን ከሚሰጡት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ሊናሎል ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር የድምብላል ፍሬ ውስጥም ሞልቷል። ለሩብ ኪሎ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ አበባ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ብስኩቱ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዴንቨር በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው የቻትፊልድ እርሻ የከተማዋ የዕፅዋት ማዕከል በየሐምሌው የላቬንደር በዓል ያዘጋጃል። ይሁንና የአካባቢው ስመ ጥር አበባ ሌላ ነበር፤ ካርኔሽን። የዴንቨር ጎረቤት የሆነችው ዊት ሪጅ ዛሬም በስሙ በዓል ታከብራለች። ፀሐዩና ቀዝቃዛው ሌሊት ተስማምቶት ከዴንቨር ዙሪያ ብዙ ካርኔሽን ይላክ ነበር። በ1967 ዴቪድ ቺቨር የተባለ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአበባ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ በ2,600 ሜትር ላይ ያለችው ቦጎታ መሆኗን ጻፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሸሪኮቹ ጋር ኮሎምቢያ ወርዶ እርሻ ከፈተ። የኮሎራዶ ካርኔሽንም ውድድሩን አልቻለውም። ዩኒቨርሲቲው ያው የአሊሰን ኮሌጅ ነው፤ ብስኩቱን አቀና፣ አበባውን አሰደደ። በኋላም ይኸው የደጋና የምድር ወገብ ስሌት የጽጌረዳ እርሻዎችን ሆለታ አደረሰ። ነገር ግን ከሆለታም ከቦጎታም የሚላከው አበባ ለአበባ ማስቀመጫ ተብሎ መድኃኒት የተረጨ ስለሆነ ብስኩት ውስጥ አይገባም። ለመብል ተብሎ ያለ መድኃኒት የበቀለ መሆን አለበት፤ የካርኔሽን የአበባ ቅጠል ሲሆን መራራው ነጭ ግርጌ ይቆረጣል።

ለሽያጭ ሲታሰብ የኮሎራዶ የ2012 ሕግ ቤት ውስጥ የተጋገረን ብስኩት ያለ ፈቃድ በቀጥታ ለተጠቃሚ መሸጥ ይፈቅዳል፤ የምግብ ንጽሕና ሥልጠና መውሰድ ግን ግዴታ ነው፤ ማሸጊያው ላይም ወጥ ቤቱ የመንግሥት ቁጥጥር እንደሌለበት መጻፍ አለበት። የሐበሻ ደንበኛ ይህን ጽሑፍ ከማንበቡ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ጾም ነው ወይ?» ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ ቅቤውና አስኳሉ ይወጣሉ። ፈሳሽ ዘይት ሊጡን ስለሚያንጣልለው ከ24 ዲግሪ በታች የሚረጋው የኮኮናት ዘይት ቦታውን ይይዛል፤ ሎሚውና ላቬንደሩ እንዳሉ ይቀራሉ።