የጠፋው ፍም፤ በጎተራ ጥግና በባሕር ማዶ

ባለፈው የቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ በዋሽንግተን ከተማ ዳርቻ በምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥቶ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በትራቸውን አስፋልቱ ላይ ሲመቱ፣ እናቶችም ሌሊቱን የጋገሩትን ሙልሙል ለየልጁ ሲያድሉ፣ እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ በአጸዱ ጥግ ሦስት የከሰል ምድጃ ደርድረን በቆሎ እሸት እንጠብስ ነበር። ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ፣ ቅቤ የማይነካውና ጨው እንኳ የማይሻው ይህ መብል ለወቅቱ የተገባ መሆኑን አስበን፣ ከሽያጩ የሚገኘውም ገንዘብ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት መግዣ እንዲውል ተስማምተን፣ ሁለት መቶ ራስ በቆሎ ገዝተን መጥተናል። ሠላሳ ያህሉን ጠብሰን እንደ ሸጥን፣ ጢሱን ያየ ጎረቤት አመልክቶ ኖሮ፣ የምግብ ንጽሕና የሚቆጣጠር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መጣና፣ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶን፣ ለሕዝብ ምግብ የምንሸጥበት ጊዜያዊ ፈቃድ እንዳለን ጠየቀ። አልነበረንም። እጃችንን የምንታጠብበት ውሃ የት እንዳለ ጠየቀ፤ ወደ አዳራሹ ጠቆምነው፤ አዳራሹ ሰባ እርምጃ ያህል ይርቃል። ከዚያ በኋላ ፍሙን እንድናጠፋ ነገረን፤ እስክናጠፋውም ድረስ ከአጠገባችን ቆሞ ጠበቀ። ውሃው ሲፈስበት ፍሙ የሰጠው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ከዚያ ይልቅ ግን ያሳዘነኝ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ቃል ማጣቴ ነው።

በዚያች ሌሊት ቁጣ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ልቡናዬም ባሕርና የብስ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባው ጎተራ ሄደ። ሠፈራችን ስሙ ራሱ የእህል ማኖሪያ ነው። ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው ጎዳና ከላንቻ ወርዶ በሚያልፍበት በዚያ ሥፍራ፣ ማሳለጫ የምንላቸው ተደራራቢ መንገዶች ሳይዘረጉ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቀላል ባቡርም ወደ ቃሊቲ ሲወርድ በዚያ ማለፍ ሳይጀምር፣ ክረምት በገባ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ በጎዳናው ግራና ቀኝ የበቆሎ ጠባሾች ምድጃ በቤተ መቅደስ እንደሚበራ ጧፍ ተራ በተራ ይበራ ነበር። ከእነርሱ መካከል እትዬ ብቻ እያልን የምንጠራቸው፣ ከታክሲ መውረጃው አጠገብ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ በካርቶን ቁራጭ ፍሙን እያራገቡ፣ የበቆሎውን ሽፋን ገፍፈው ሳይጥሉ ወደ ኋላ መልሰው መያዣ የሚያደርጉልን ሴት ነበሩ። ማን ለጋ እንደሚወድ፣ ማንስ ጠና ያለና ጠቆር ብሎ የተጠበሰ እንደሚሻ ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። ሳንቲም ያልያዘ ተማሪ በማግሥቱ ይከፍላል፤ በማግሥቱም ያላገኘ እንደ ሆነ እትዬ ረስተውት ይገኛሉ። ከትምህርት ቤት ዘግይቶ የተመለሰ ልጅ ከማን ጋር፣ በየትኛው በኩል እንዳለፈ ለእናቱ የሚነግሩም እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው ወዲያ ቅቅል ድንች በዳጣ የምትሸጥ፣ ከእርሷ ወዲያ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ በመስተዋት ሣጥን የያዘ ወጣት፣ ከእርሱም ወዲያ ቆሎ የምትሰፍር ልጃገረድ ነበሩ፤ ክረምቱ ሲጋመስ ደግሞ በለስ በቢላዋ ጫፍ እየላጡ የሚያጎርሱ ልጆች ይጨመሩባቸዋል።

እንዲህ ስል ግን ልሰውረው የማይገባኝ አንድ ነገር አለ፤ በአደባባይ መብላት በአሳዳጊዎቻችን ዘንድ ነውር ነበር። ማዕድ የቤት ነው፤ እጅ የሚያስታጥብ ሰው፣ የሚባርክ አባት፣ ከባዕድ ዓይንም የሚጋርድ በር ያሻዋል። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊና ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከእትዬ የገዙትን በቆሎ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በካፖርታቸው ሥር ሸሽገው፣ ሙቀቱ ደረታቸውን እያቃጠላቸው ቤት ያደርሱ ነበር፤ በምሽት ከበር ሲገቡ የሚሸትተን የተቃጠለ ሽፋንና የጋዜጣ ቀለም ሽታ የአባቴ ሽታ ሆኖ በሕሊናዬ ቀርቷል። ሆኖም ይህን ነውር ድል የሚነሣ መብል ቢኖር በቆሎ እሸት ነው። ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው እንኳ በአውራ ጣቱ ከቆረቆንዳው ሦስት አራት ፍሬ ፈልፍሎ፣ በመዳፉ ይዞ፣ አንድ በአንድ ወደ አፉ ጣል እያደረገ ከጓደኛው ጋር ሲጓዝ፣ በላ አይባልም፤ ሲጫወት መንገዱ አለቀለት እንጂ።

አሁን የምኖርበት አገር ሰው ይህን ነውር አያውቀውም፤ ቆሞም፣ እየሄደም፣ በባቡር ውስጥም ይበላል። እንግዲህ በመንገድ መብላት የማያፍር ሕዝብ መንገዱ በምግብ ሻጮች የተሞላ ይሆናል ብሎ መገመት የተገባ ነበር፤ የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ የሚያፍረው የእኛ ሕዝብ ጎዳናው ሻጭ በሻጭ ሲሆን፣ የማያፍረው የዚህ አገር ሕዝብ ብዙ እርምጃ ሄዶ አንድ ሻጭ አያገኝም። ምክንያቱ ሆድ ሳይሆን ፈቃድ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎዳና ምግብ የመሸጥ ፈቃድ ቁጥሩ ተወስኖ ወደ ሦስት ሺህ ገደማ በመቆሙ፣ ፈቃድ ያላቸው ለሌላቸው በስውር በውድ ዋጋ ሲያከራዩ ዓመታት አልፈዋል፤ በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃድ እንዲጨመር የወሰነው ሕግ የወጣው ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በዋሽንግተንም ምግብ የጫኑት መኪኖች በቀትር የት እንደሚቆሙ በየወሩ በዕጣ እንዲለይ በ2013 እ.ኤ.አ. ተደንግጓል፤ በዚህ ሥራ ከሚተዳደሩትም መካከል የሀገራችን ልጆች አሉበት። ምግቡ ትኩስ ከሆነ ከ57 ዲግሪ በታች፣ ቀዝቃዛ ከሆነም ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይደርስ በሙቀት መለኪያ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ሳነብ፣ እትዬ የሙቀት መለኪያቸው የእጃቸው ጀርባ ብቻ እንደ ነበረ አስቤ ልቤ ተነካ።

ቡሄ ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው በተቀየምሁበት ስሜት ሳለሁ፣ ለጉዳይ ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሄጄ በ14ኛው ጎዳና ስሻገር፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የማውቀው ጢስ ከአፍንጫዬ ደረሰ። ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣች፣ ዕድሜዋ ወደ እትዬ የሚጠጋ ሴት በእግረኛው መንገድ ዳር ምድጃ ዘርግታ በቆሎ ትጠብሳለች። እርሷና መሰሎቿ ፈቃድ ስለሌላቸው እንደ ወንጀለኛ መያዛቸው እንዲቀር፣ በዚያም ሠፈር ለእነርሱ የተወሰነ የሽያጭ ቀበሌ እንዲኖር የከተማው ምክር ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ ማውጣቱን ኋላ ተረዳሁ። ማዮኔዝና የተፈረፈረ አይብ ልትቀባበት ስትነሣ እጄን ዘርግቼ ከለከልኋት፤ ጾም የሚለውን ቃል በቋንቋዋ ስለማላውቅ በጣቴ የመስቀል ምልክት አሳየኋት፤ ወዲያው ገብቷት ራሷን ነቀነቀችና ሎሚና ጨው ብቻ አሽታ ሰጠችኝ።

በእርሷ ዘንድ የዚህ መብል ስም «ኤሎቴ» ነው፤ ቃሉ ከጥንታውያን የሜክሲኮ ሰዎች ልሳን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ለጋው የበቆሎ ራስ፣ ማለት እሸት ነው። በቆሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ያላመዱት ከ9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው፤ ወደ እኛ የመጣው ባሕር ተሻግሮ ስለ ሆነም ነው የቀደሙት አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት። የእኛ ብቻ ነው ብዬ የተከራከርሁለት መብል ባለቤቱ እርሷ ሆና ሳገኛት አልተከፋሁም፤ ይልቁንም ፍሙ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ አረፈልኝ። ብቻ የዚህ አገር በቆሎ እንደ ስኳር የሚጣፍጥ፣ ከጥርስ ጋር የማይታገል ነውና፣ ጎተራ ላይ አገጭ እስኪደክም የምናኝከውን የሚተካ አይደለም፤ በዚህ ላይ ማንም አያሳምነኝም።

ነገር ግን ያ ሠራተኛ ስለ ውሃው የጠየቀን ጥያቄ ቁጣዬ ሲበርድ ብቻውን ቀረ። እትዬ እጃቸውን በየት ይታጠቡ ነበር? ከአጠገባቸው በሰማያዊ ጀሪካን ውሃ ይኖር ነበር፤ ያ ውሃ ግን ከየት እንደሚቀዳና ስንት ቀን እንደሚቀመጥ ጠይቀን አናውቅም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ክረምት ታላቅ ወንድሜ በተስቦ ተይዞ አንድ ወር ሙሉ ተኝቷል፤ እናቴ ከመንገድ በበላው ነገር ነው ብለው አምነው እስከ መስከረም ድረስ አንዳችንንም ከመንገድ ዳር እንዳንበላ ከልክለውን ነበር። ፍም ላይ የተገላበጠ በቆሎ በሽታ አያመጣም ብዬ እሟገት ይሆናል፤ ከጎኑ የተሸጠው ዳጣና የተላጠው በለስ ግን እሳት አያውቃቸውም። እንግዲህ እጃችሁን በየት ትታጠባላችሁ ያለን ሰው ጠላታችን አልነበረም፤ ይህንም የምጽፈው እየከበደኝ ነው።

ደግሞም የምናፍቀው ጎተራ ለሻጮቹ ርኅሩኅ ነበር ብል እውነት አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ሄጄ ሳለሁ፣ ከተማው በኮሪደር ልማት ሥራ እየፈረሰ ሲሠራ፣ እትዬን ፍለጋ ወደ ቀድሞው ቦታቸው ወርጄ፣ በእርሳቸው ሥፍራ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ስትጠብስ አገኘሁ። ሁለት ራስ አዝዤ ሳልቀበል ከወዲያ ማዶ «መጡ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ደንብ አስከባሪዎች መሆናቸው ነው። ሴቲቱ ፍሙ የሚንቀለቀልበትን ምድጃ በባዶ እጇ አንሥታ፣ ሕፃኑን በጀርባዋ ይዛ፣ በመኪኖች መካከል ወደ ባቡሩ ድልድይ ሥር ስትሮጥ፣ ከወደቀው በቆሎ ግማሹን ጎማ ጨፈለቀው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከግንቡ ኋላ ሳገኛት የግራ ክንዷ ላይ እንደ ሳንቲም የሰፋ ቃጠሎ ነበር፤ ምራቋን ቀብታበት ሁለቱን ራስ በቆሎዬን አሞቀች። ገንዘቡን ስጨምርላት፣ «ጋሼ፣ ያዘዝከው ሁለት ነው» ብላ ትርፉን መለሰችልኝ።

ይህን ካሰብሁ በኋላ ሁለቱን ፍሞች ሳነጻጽር እገኛለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን አጸድ ፍማችን ሲጠፋ ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልተቃጠለም፤ ሠራተኛው ማመልከቻ የምናቀርብበትን ቅጽ ከመኪናው አውጥቶ በእጄ ሰጥቶኛል። በጎተራ ግን ቅጽ የሰጣት የለም፤ ሆኖም በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ሴቲቱ ከዚያው ሥፍራ ተቀምጣ ፍሟን ታራግብ ነበር፤ የእኛ ሦስት ምድጃዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአዳራሹ ምድር ቤት ተከድነው ተቀምጠዋል። ለእንጀራ የምትጠብስ ሴትና ለበዓል የምንጠብስ እኛ በአንድ ሚዛን የምንመዘን አለመሆናችንን አውቃለሁ። ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥ የሚያስገድደኝ ሰው ቢመጣ፣ ሕጉን ከዚህ፣ ሰዉን ከዚያ ልወስድ እመኛለሁ፤ ያም በአንድ ሥፍራ ይገኝ እንደ ሆነ ገና አላየሁም።

ለሚመጣው ቡሄ ቅጹን ሞልቼ አስገብቻለሁ። ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና ሳሙና ከምድጃው በአምስት እርምጃ ይቆማል፤ በምርኩዝ የነበሩት እናት ልጅ የምግብ ንጽሕና ትምህርት ተከታትላ የምስክር ወረቀት ይዛለች። ጥያቄዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ሁሉንም መለስሁ። ምግቡን የሚያዘጋጀው ሰው በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ልምድ አለው ከሚለው ፊት ግን ብዕሬ ቆመ፤ ከእትዬ ፊት ቆሜ ያየሁባቸው ዓመታት ይቆጠሩ እንደ ሆነ አላውቅምና።

ትናንት ማታ ለእህቴ ስልክ ደውዬ ነበር። ካዛንቺስ ስለ ነበሩት ዘመዶቻችን፣ ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ስለ መግባታቸው ብዙ ከነገረችኝ በኋላ፣ ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት አሁንም በቦታዋ ትገኝ እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«አለች ጋሼ» አለችኝ፤ «ቀን ግን አትቀመጥም። ደንብ አስከባሪዎቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፤ እሷ ከዚያ በኋላ ነው የምታቀጣጥለው። ጨለማ ስለሆነ ከሩቅ ፍሙ ብቻ ነው የሚታየው።»