የዲላው ባለ ፎቅ ጓሮ

ሕፃናት ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ሻሸመኔንና ሐዋሳን አልፈን ዲላ ስንደርስ፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጄና የአራት ዓመት ሴት ልጄ ጥያቄያቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። እኔ ግን መልሴን ጨርሼ ነበር።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ዲላ ብቻ አይደለም። በዲላ ጓሮ ውስጥ ልጄን እንዴት ዝም እንዳሰኘኋትና ዝምታዋ እንዴት እንዳስደነገጠኝ ጭምር ነው።

ያረፍነው ከከተማው ዳር፣ በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናት ቤት ነበር። ወሩ ኅዳር፣ ጊዜውም ቀይ የእሸት ቡና የሚለቀምበት ነው። በጌዴኦ ምድር ጓሮው የት አልቆ እርሻው የት እንደሚጀምር፣ እርሻውስ የት አልቆ ደኑ የት እንደሚጀምር ለእንግዳ ሰው መለየት ያስቸግራል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላቸውን ይጥላሉ። ከእነርሱ ሥር እንሰትና ቡና ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሁሉም በታች ጎመኑ፣ ጎደሬውና ቦሎቄው ምድሩን ሸፍኖታል። ብዙ ሕዝብ በጥቂት መሬት ላይ የሚኖርበት አገር በመሆኑ ስንዝር መሬት ያለ ሥራ አይቀመጥም።

ትንሽዋ ልጄ ከጓሮው መካከል ቆማ ሽቅብ ስታይ ቆየችና እንዲህ አለች፤ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፎቅ ቤት ነው! ላይኛው ቤት ወፎች ተከራይተዋል። መሀል እንሰት አለች። ምድር ቤት ደግሞ ጎመን ትኖራለች። ጣራዋ ስለሚያፈስባት ታለቅሳለች።»

እኔ ሻንጣ በአንድ እጄ፣ ዘንቢል በሌላው እጄ ይዤ ነበር። ደክሞኛል። «ውሸትሽን አትቀባጥሪ፣ ይልቅ ጫማሽን ከጭቃው አውጪ» አልኳት። ጫማዋን ከጭቃው አወጣች፤ አፏንም ዘጋች።

ምሳ ቀርቦ ቆጮውን በጎመን ስንበላ የቤቱ እመቤት፣ ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው ባልቴት፣ «የኔ እናት፣ በጓሯችን ምን አየሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጄ መጀመሪያ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያም «ምንም አላየሁም» ብላ መለሰች።

እህቶቼ፣ በዚያ ቀን ልጄ የተናገረችው እውነተኛው ውሸት ይህ ነበር። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

ወንድሟ ግን ዝም አላለም። «ጎመኗ ታለቅሳለች እያለች ነበር» ብሎ ሳቀባት። እማማ አልሳቁም። እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው በእርጋታ፣ «ታዲያ ማነው ያስለቀሳት?» አሉ። ልጄም ቀና ብላ፣ «እንሰቷ ናት። ውሃዋን ሁሉ እላይዋ ላይ ታፈስባታለች» አለች።

«እውነትሽን ነው» አሉ እማማ። «እንሰቷ ዝናቡን በሰፊ ቅጠሏ ተቀብላ ቀስ እያለች ነው የምታወርድላት። እሷ ባትኖር ዝናቡ በኃይል ወርዶ ጎመኗንም አፈሩንም ጠራርጎ ይወስዳቸው ነበር።»

እኔም ያን ጊዜ አፈርኩ። ባለሙያዎች የጌዴኦን የእርሻ ዘዴ ሲያስረዱ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ረጃጅም ዛፎች፣ መካከለኛ ተክሎችና ዝቅተኛ አዝርዕት በየደረጃቸው ተደራርበው ተዳፋቱን መሬት ከመሸርሸር ይጠብቁታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከታዩለት ነገሮች አንዱም ይኸው እርሻ ነው። ልጄ የቀባጠረች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ያየችውን በምታውቀው ቃል መናገሯ ነበር። የከተማ ልጅ በመሆኗ ለተደራረበ ነገር ያላት ቃል «ፎቅ» ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ልጆች ከጎረቤት ሕፃናት ጋር ዕቃቃ ጀመሩ። የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሕፃን ሆነ፤ በሻሽም ታዘለ። ሱቅ ተከፈተና ቀዩ እሸት ቡና ገንዘብ ሊሆን ሲል እማማ ብቅ አሉ። «ይህ የቤታችን ልብስና ደብተር ነው፤ በሱ አንጫወትም» አሏቸው። ቁጣ የለበትም፣ ማወላወልም የለበትም። ልጆቹም ቡናውን መልሰው ከደረቅ ቅጠል ብር ቆራርጠው ገበያቸውን ቀጠሉ። ለልጅ ምናብ ቦታ መስጠት ማለት ልጅን ልቅ መተው አለመሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

በማግሥቱ በቱቱ ፈላ የሚገኙትን ትክል ድንጋዮች ለማየት ሄድን። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል። በቦታው የተደረገው ቁፋሮም በመቃብር ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ትንሽዋ ድንጋዮቹን አየችና በሹክሹክታ፣ «ሰዎች ናቸው። ሲጠብቁ ደክሟቸው ቆመው ተኝተዋል» አለች። የእማማን ጥያቄ ተዋስኩና፣ «ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አልኳት። «ልጆቻቸውን» አለችኝ። እጇን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ።

እናቶች ሆይ፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ለእራት ላይበቃ ይችላል። ሆኖም ልጁ ካላቦካ መጋገርን ከየት ይማራል? ከሥራ ደክመን ስንገባ፣ ወይም በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ ልጃችን ደመናው ፈረስ ነው ቢለን «ወዴት እየጋለበ ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ መጫወቻ መግዛትም አያሻም። አቅም ያጣን እንደሆነ «አሁን ደክሞኛል፣ በእራት ሰዓት ትነግሪኛለሽ» ማለት ይበቃል። የእራት ሰዓት ሲደርስ ግን ቃላችንን ማክበር አለብን።

እርግጥ ነው፣ ብርጭቆ ሰብሮ «ጅብ ነው የሰበረው» የሚል ልጅም አለ። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣት ሳይፈራ እውነቱን መናገር እንዲችል ማድረግና ስብርባሪውን አብሮ ማንሳት። ጨዋታውን ከማሳበቢያው ለይቶ ማወቅ የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው።

እኛ የምንኖረው ጓሮ በሌለው የኪራይ ቤት ነው። ከዲላ ስንመለስ በአንድ አሮጌ ጣሳ አፈር ሞልተን ጎመን ተከልንና መስኮቱ ላይ አኖርነው። ትናንት ማታ ልጄ ውሃ ስታጠጣው፣ «ይቺ ደግሞ እንሰት ስለሌላት እኔ ነኝ ቀስ ብዬ የማወርድላት» ስትል ሰማኋት። የእራቱ ድስት ሊያርብኝ ደርሶ ነበር። ቢሆንም «ታዲያ ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።