ሣሩ ለምን ቀላ?

ይምርሐነ ክርስቶስ በተባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልኬ ያነሣው ፎቶ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ያ ግድግዳ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆሞ መልኩን ያልሳተው፣ እኔ ስልክ ላይ ሲደርስ ወይን ጠጅ የተደፋበት ነጠላ መሰለ። ከላሊበላ አብሮኝ የመጣው ልጅ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና «ጋሼ፣ ይሄማ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሆነ!» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ቁልፉን የያዙት አባ አልሳቁም።

ይህ ቀልድ ያልገባው አንባቢ ካለ በዊንዶውስ 7 ዘመን ጌም ቤት ደጅ አልቆመም ማለት ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታው ሣር ቀይ፣ ባሕሩ ሐምራዊ፣ ፈረሱ የማይታወቅ ቀለም። እንዲያም ሆኖ እንጫወት ነበር፤ የማን ጦር የማን እንደሆነ በቀለሙ ሳይሆን በአካሄዱ እየለየን።

ከዋሻው ስንወርድ አባ በወለሉ ሥር ስላለው ውኃ ያጫውቱኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በሐይቅ ላይ ታነጸ ነው የሚለው ትውፊቱ። ይቅር ይበሉኝና ግማሹን አልሰማሁም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያንን የጨዋታ ቀለም የሚያድን አንድ ዘዴ እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ «ኤክስፕሎረርን ግደለው» ይሉን ነበር። ፎልደር የሚከፍት ፕሮግራም ሲገደል ሣር የሚለመልመው በምን ሕግ ነው? በዚያ ሁሉ የጽድ ደን ውስጥ ስወርድ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ላሊበላ ገብቼ ኔትወርኩ ደህና ሲሆንልኝ ነገሩን ከሥሩ ጀመርሁት።

ጨዋታውን፣ ማለትም ሁለተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ ነው። በጊዜው የነበረው ኮምፒዩተር አቅሙ ውስን ስለነበር ጨዋታው በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ቀለም ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ደግሞ ቀለሙ ራሱ አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። ሣሩ «አረንጓዴ ነኝ» አይልም፤ ለምሳሌ «87ኛው ነኝ» ነው የሚለው። 87ኛው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የሚወስነው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን የነካ ሰው አንዲት ሥዕል ሳይነካ የዓለሙን ሁሉ ቀለም ይቀይራል።

ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የሆነውም ይኸው ነው። ጨዋታው ሠንጠረዡን ይዞ ስክሪኑን ሞልቶ ሲጫወት፣ ከኋላ ያለው ኤክስፕሎረር፣ ያ ዴስክቶፑንና ከታች ያለችውን መስመር የሚያሳየው፣ ብድግ ብሎ የራሱን ቀለሞች እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል። 87ኛው ቦታ ላይ ቀይ ይቀመጣል፤ ሣሩም ቁጥሩን እንዳከበረ ይቀላል። ኤክስፕሎረር ሲገደል ግን ሠንጠረዡን የሚነካ የለም።

መድኃኒቱን ያገኙት የጨዋታው ሠሪዎች አይደሉም። ኤንሴምብል እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል፤ ዊንዶውስ 7 የወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው ያገኙት። ሦስት መስመር ያላት አንዲት ትንሽ ፋይል ነበረች፦ ኤክስፕሎረርን ግደል፣ ጨዋታውን ክፈት፣ ጨዋታው ሲዘጋ ኤክስፕሎረርን መልስ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር። ሌላም ነበረ፣ ከሁሉ የማይታመነው፦ የስክሪን ሪዞሉሽን ማስተካከያውን መስኮት ትከፍታለህ፣ ምንም ሳትነካ እንደተከፈተ ትተወዋለህ፣ ከዚያ ጨዋታውን ታስነሣለህ። ሣሩ አረንጓዴ! ይህን በዓይኑ ያላየ ሰው አስማት አለ ቢሉት ባያምን አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ። በዚያ ዘመን የእኔን ኮምፒዩተር ያየ አንድ ባለሙያ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ቀዩን ሣር ገና ሲያይ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ተደረገ። ፎቶዎቼ ሄዱ፣ ጽሑፎቼ ሄዱ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሄደ። ዊንዶውስ 7 በአዲስ መልክ ተጫነ፤ ሣሩም በአዲስ መልክ ቀላ። ገንዘቤን ግን አልመለሰም።

ለዓመታት ይህን ሰው በልቤ ስረግመው ኖሬያለሁ። ነገሩን ስመረምር ግን ለቫይረሱ ወሬ መነሻ የሚሆን ምክንያት አገኘሁለት። በቀድሞው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ጨዋታው ደህና ይሠራ ነበር። ማሽኑ የከበደው ደንበኛ ሲመጣ ባለሙያው ፎርማት አድርጎ መልሶ ኤክስፒ ይጭንለታል፤ ሣሩም ይድናል። ደንበኛው ያመሰግናል፣ ባለሙያው «አላልሁም? ቫይረስ ነበር» ይላል። ያዳነው ኤክስፒ ሆኖ ሳለ ሙገሳውን ፎርማት ወሰደው። በሰፈራችን «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ሌላ ወገንም ነበረ፤ ያኛውስ ማስረጃም አልነበረው፣ የሚሸጠው ካርድ ብቻ ነው የነበረው። ከሁለቱ የፎርማቱን ሰው እመርጣለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት ግን አይደለም፤ ኤክስፒ ቢጭንልኝ ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

ባለ ሦስት መስመሯ ፋይል ስንኩል መፍትሔ ነበረች፤ ቆይቶ ዩዘርፓች የተባለው የተጫዋቾች ጥገና መጣ። የጨዋታውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማንም አልሰጣቸውም፤ ያለቀለትን ፕሮግራም ራሱን ፈትሸው ውስጡን አስተካከሉት። ቀለሙን አዳኑ፣ ጨዋታው በሰፊ ስክሪን እንዲገባ አደረጉ፤ ሁሉንም በነጻ። የላሊበላ ሰው ስለ ጥገና አይነገረውም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተከለ፤ ያቺ «ለጊዜው» ከአሥር ዓመት በላይ ተለጠጠች፣ ነዋሪውም «በላያቸው ላይ እንዳይወድቅ» እያለ ጮኸ። ዩዘርፓችን ግን ካልወደድኸው ታጠፋዋለህ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ደህና ነበር። አላቆምሁም፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ጠጋኞች መካከል ፎርጎትን ኢምፓየርስ የሚባሉ ተጫዋቾች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አዳዲስ ሕዝቦችን የጨመሩበትን የራሳቸውን ማስፋፊያ በነጻ ለቀቁ። በዓመቱ የጨዋታው ባለቤት ማይክሮሶፍት ያንኑ ሥራ ኦፊሴላዊ አድርጎ አወጣው። ትናንት የሌላ ሰው ጨዋታ ይጠግኑ የነበሩት ዛሬ ጨዋታውን የሚሠሩት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ደግሞ «ዚ አፍሪካን ኪንግደምስ»ን አመጡ፤ በዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሾተል የያዘ ወታደር፣ ከሌላው በፍጥነት የሚወረውር ቀስተኛ፣ ከዘመን ወደ ዘመን በተሻገሩ ቁጥር መቶ ወርቅና መቶ ምግብ ጉርሻ። ጦሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ማውሱን ለቅቄ አጨበጨብሁ።

ጭብጨባው ግን አልቆየም። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ባለ አምስት ክፍል ዘመቻ የዮዲት ጉዲት ነው። ከአክሱም የተሰደደችው፣ ተመልሳም አቃጠለች የምትባለው ዮዲት! ታሪኳ ለጨዋታ ይመቻል፣ አልክድም፤ እሳት ለስክሪን ያምራል። ነገር ግን እንዴት ነው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያፈረሰችው ባለታሪክ ሆና፣ ከእርሷ በኋላ የገነቡት የዛጉዌ ነገሥታት አንድም ዘመቻ ያልተሰጣቸው? ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ቅዱስ ሐርቤ፣ ላሊበላ፣ ነአኵቶ ለአብ፤ አራቱም ቅዱሳን ነገሥታት ናቸው፣ አራቱም ላስታ ላይ ናቸው። ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለው ሌላው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ሲያስገባ ቢያንስ ውቅር ቤተ ክርስቲያንን አስቦልናል፤ እዚያ አንድ ሠራተኛ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በአንድ ተራ ፈልፍሎ ይጨርሳል፣ በሌሊት የሚያግዙት መላእክት እንኳ አያስፈልጉትም። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን ታንጾ የቆመ እንጂ ተፈልፍሎ የወጣ ስላልሆነ እዚያም አልገባም።

ቋንቋውም ቢሆን። ዮዲት የ10ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናት ይባላል። በጽሑፍ ያገኘነው አማርኛ ግን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት ውዳሴ አይዘልም። የዮዲት ዘር ያከራክራል፤ ዛጉዌዎቹ ግን አገው ናቸው። ጨዋታው ውስጥ ያለው ሠራዊት ሁሉ እንደ ዛሬ አዲስ አበቤ ሲመልስ ደስ ቢለኝም፣ ሰቆጣ ያለ አገው ተጫዋች ምን እንደሚል አስባለሁ።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ፣ ለሚችሉ ልጆች። የካርታና የታሪክ መሥሪያው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እዚያው ጨዋታው ውስጥ አለ፤ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ክፍያም የለውም። የይምርሐነ ክርስቶስን ዘመቻ ሥሩልን። ጦርነት ካጣችሁለት እንጨቱንና ድንጋዩን እስከ ዋሻው ማድረስ ብቻውን ለአምስት ክፍል ይበቃል። ድምፁን ለመቅዳት ደግሞ ወደ ሰቆጣ ውጡ፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በአገውኛው ኽምጣና ዜና የሚያሰማበት አገር ነውና ለሠራዊቱ «እሺ ጌታዬ» የሚል ሰው አይጠፋም።