ስለ መጋረጃ ማሰሪያ

የቤት ጌጥ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምንጣፉ፥ ስለ ወንበሩና ስለ መጋረጃው ነው እንጂ መጋረጃውን ሰብስቦ ስለሚይዘው ማሰሪያ አይደለም። ነገር ግን በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 26 ስለ ድንኳኑ መጋረጆች የተጻፈውን ያነበበ ሰው፥ መጋረጆቹን የሚያጋጥሙት 50 የወርቅ መያዣዎች እንኳ ቍጥራቸው ተለይቶ መታዘዙን ያስታውሳል። ትንሹም ዕቃ የማይናቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እኔን ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የአማቴ ነገር ነው። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በአርባ ምንጭ ሙዝ ሲያለሙ ነው፤ እግራቸው ስለ ደከመ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተን ከእኛ ጋር አኖርናቸው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሞቃት አገር ሲሆን ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ያህል ነው። አማቴ አንድም ቀን ብርዱን አላማረሩም፤ ዳሩ ግን ንግግራቸው እያነሰ ሄደ፤ የመስኮታቸውም መጋረጃ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ይውል ጀመር። ይህም እጅግ አሳሰበን።

ባለቤቴም የእናትዋን ክፍል የቆላ መልክ ልትሰጠው አስባ፥ ቅጠል የታተመባቸው የመጋረጃ ማሰሪያዎችና በዘንጉ ጫፍ የሚገቡ የአናናስ ቅርጾች ከገበያ ገዝታ መጣች። ቅጠሉ ሞንስቴራ የሚባለው፥ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ጫካ የሚበቅለው ሐረግ ነበረ፤ ይህም በተፈጥሮው ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። አማቴ ማሰሪያውን አገላብጠው ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፥ ይህን ቅጠል ምን ተባይ በላው?» ብለው ጠየቁ። እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን ከልባቸው ነበር።

በማግሥቱ ባለቤቴ ከአረንጓዴ ጨርቅ የሙዝ ቅጠል ቅርጽ ቈርጣ፥ የመካከሉንም ጅማት በቢጫ ክር ጠልፋ ሌላ ማሰሪያ ሰፋች። አማቴ ይህን ባዩ ጊዜ «ነፋስ ያልሰነጠቀው የሙዝ ቅጠል የት አለ?» ብለው መቀስ አስመጡና ጠርዙን በገዛ እጃቸው ሸነታተሩት። አልጋቸው ከመስኮቱ አጠገብ ነውና፥ ከዚያ ቀን ወዲህ ጧት ጧት መጋረጃውን ሰብስበው የሚያስሩት እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው የባዕድ ቅጠል አይረባም፥ የአገር ይሻላል ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። አናናስ ከደቡብ አሜሪካ እንደ መጣ ሁሉ ሙዝም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የለማው፥ ኮባውንም ለዳቦ መጋገሪያ የምናደርገው እንሰት ነው። አማቴ የሙዙን ቅጠል የወደዱት ተክለው፥ ውሃ አጠጥተው ስላሳደጉት ነው። ያ ቀዳዳ ያለው ቅጠልም በደጁ ሲያየው ላደገ ሜክሲኳዊ እንዲሁ የተወደደ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቤቱን በቆላ ቅጠል ሊያስጌጥ የሚወድ ሰው፥ መጋረጃውን ባለ አንድ ቀለም አድርጎ ቅጠሉን በማሰሪያው ላይ ብቻ ቢያኖር ይበቃዋል፤ ሁለቱም ባለ ሥዕል የሆኑ እንደ ሆነ ዓይን ማረፊያ ያጣልና። የትኛው ቅጠል ይሁን የሚለውን ግን ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በዚያ ክፍል የሚኖረውን ሰው ቢጠይቅ መልካም ነው።