ፈተናውን ካለፈች በኋላ

ሴት ለሐኪምነት ሥራ አትሆንም የሚሉ ሰዎች አስቀድመው የሚያቀርቡት ምክንያት አትችለውም የሚል ነው። ይህ ቃል ክፉ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር አለው፤ በፈተና ሊመረመር ይቻላልና። ቀርባ ትፈተን፤ ብትወድቅ ነቃፊዎቿ እውነተኞች ይሆናሉ፥ ብታልፍ ግን ዝም ማለት ይገባቸዋል። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ጊዜ በሩ የተዘጋው ሴቶቹ በወደቁ ጊዜ ሳይሆን ባለፉ ጊዜ ነው።

በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ የሆነው ይህን ያስረዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ወይዘሪት ሶፊያ ጄክስ ብሌክ በ1869 ሕክምና ለመማር ዩኒቨርሲቲውን ጠየቀች። ስለ አንዲት ሴት ብቻ ትምህርት ሊዘጋጅ አይቻልም ተብላ ተመለሰች። እርስዋም ባልንጀሮች ፈልጋ እንደ ገና መጣች፤ ኋላም ቍጥራቸው ሰባት ሆነ። ከወንዶች ተለይተው እንዲማሩ ታዘዘ፥ እነርሱም እሺ ብለው ገቡ።

ከእነዚህ አንዲቱ ወይዘሪት ኢዲት ፔቺ ነበረች። በ1870 በኬሚስትሪ ፈተና፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት ተማሪዎች ሁሉ በለጠች። እንደ ደንቡ የሆፕ ሽልማት የተባለው ለእርስዋ ይገባ ነበር፤ መምህሩ ግን ከእርስዋ በታች ለሆነው ወንድ ሰጠው። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ክፍል አልተማረችም የሚል ነበር። ለይቶ ያስተማራት ማን ነው? ያው ዩኒቨርሲቲው ነው!

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 18 ቀን ሴቶቹ ለአናቶሚ ፈተና ወደ ሰርጅንስ ሆል ሲሄዱ ብዙ ሰው መንገዱን ዘግቶ ጭቃ ወረወረባቸው፤ የግቢውም በር በፊታቸው ተዘጋ። በግድ ከገቡ በኋላ ደግሞ አንድ በግ ወደ አዳራሹ ተነዳባቸው። እነርሱ ግን ፈተናቸውን ጨርሰው ወጡ።

ጭቃውስ ይታጠባል። ከጭቃው የከፋው በጨዋ አነጋገር የተነገረው ነው። የሴት ልብ ርኅሩኅ ስለ ሆነ ደምና ቍስል ማየት አይገባትም ተባለ። ይህን የሚሉት ሰዎች በዚያው ከተማ ሐኪም ቤት ሌሊቱን ሙሉ ቍስል ሲያጥቡና በሽተኛ ሲያገላብጡ የሚያድሩት ሴቶች እንደ ሆኑ ዘነጉት። የአስታማሚዋ ደመወዝ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ስለ ርኅሩኅ ልቧ ያሰበላት አልነበረም።

በ1873 ዳኞች ዩኒቨርሲቲው ከመጀመሪያው ሴቶችን ሊቀበል ሥልጣን አልነበረውም ብለው ፈረዱ። ፔቺ ወደ ስዊስ አገር ሄዳ በበርን ማዕርጓን ተቀበለች፤ በ1883ም ወደ ቦምቤይ ተሻግራ በዚያ ብዙ ዘመን ሴቶችንና ሕፃናትን አከመች። ኤዲንብራ ለሰባቱ የክብር ማዕርግ የሰጠው በ2019 ነው፤ ያን ጊዜ ከእነርሱ በሕይወት ያለች አንዲት እንኳ አልነበረችም።

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ጃፓን ይመልከት። የቶኪዮ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ2006 ጀምሮ በመግቢያ ፈተና የሴቶችን ነጥብ በስውር ይቀንስ እንደ ነበረ በ2018 ተገለጠ። ሴቶች ሲወልዱ ሥራቸውን ይተዋሉ፥ ሐኪም ቤቶችም ሠራተኛ ያጣሉ የሚል ምክንያት ተሰጠ። የሥራው ሰዓት እናትን የማያሠራ ከሆነ፥ መቀነስ የሚገባው ሰዓቱ ነው ወይስ ነጥቡ? በዚያው ከተማ ያለው የጁንቴንዶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፥ ሴቶች በንግግር ችሎታ ከወንዶች ስለሚቀድሙ ልዩነቱን ለማስተካከል ነው ሲል መለሰ። በ1870 ስለማትችል ተባለ፤ በ2018 ደግሞ አብዝታ ስለምትችል። በሚከተለው ዓመት ቅነሳው ሲቀር በጁንቴንዶ ከተፈተኑት ሴቶች ያለፉት በመቶኛ ከወንዶቹ በለጡ።

በ2022 የቶኪዮ ፍርድ ቤት የሕክምና ዩኒቨርሲቲው ለከሰሱት ሴቶች ካሣ እንዲከፍል ፈረደ። ነገሩ ስውር ሆኖ በቆየባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ግን ስሟን ከአላፊዎች ዝርዝር ያጣች ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ፥ የእኔ ስንፍና ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም።