ከሃና ያመጣኋት ስሙኒ

እስቲ የቤትዎን መሳቢያ ይክፈቱ። ከተሰበረ መነጽርና ካለቀ ባትሪ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲም አይጠፋም። እኔ የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ከእንዲህ ዓይነቱ መሳቢያ ነው። ለዚህ የምመድበው በወር 300 ብር ብቻ ነው፤ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ በላይ አይፈቅዱልኝም። ካሉኝ ሁሉ አብልጬ የምወዳትን ሳንቲም ያገኘኋት ደግሞ ቸርችል ጎዳና ካሉት የማስታወሻ ዕቃ ሱቆች ሳይሆን ሃና ላይ ነው።

ሃና በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እስከ ጂንካ በአውሮፕላን መሄድ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ በመኪና ነው። የጂንካን ነፋሻ አየር ትተው ወደ ቆላው ሲወርዱ ሙቀቱ ይቀበልዎታል። በወረዳው ቦዲዎች፣ ሙርሲዎች፣ ዲሜዎችና ከኮንሶ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ይኖራሉ። እኔን እዚያ ያደረሰኝ ሥራ ነው፤ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ የምርታችንን ሥርጭት ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ አያለሁ።

አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ መልስ ሊሰጡኝ ፈልገው ከመደርደሪያው ሥር የኒዶ ጣሳ አወጡ። ሲያንቀሳቅሱት ተንኳኳ።

«አባባ፣ ልየው?»

«እይው ልጄ፤ ግማሹ እንኳ አይሠራም።»

ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። አብዛኞቹ 1969 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው፣ በአንድ ፊታቸው የአንበሳ ራስ ያለባቸው ናቸው። ባለ አሥሩን ገልብጠው ቢያዩት የደጋ አጋዘን ያገኛሉ፤ ባለ አንዱ ላይ ደግሞ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ግን በዓመተ ምሕረቱ እንዳይታለሉ። ያው 1969 የተጻፈባቸው ሳንቲሞች በተለያየ ጊዜና በተለያየ ማተሚያ ተሠርተዋል። አንበሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው የአገጫቸውን ጠጉር ቢያስተያዩ ልዩነቱ ይታያል። አያቶቻችን የተገበያዩበት የማሪያ ቴሬዛ ብርም እንዲሁ ነው፤ መቼም ይታተም መቼ የሚጻፍበት 1780 እ.ኤ.አ. ነው።

ከጣሳው ሥር ግን ጠቆር ያለች፣ ዙሪያዋ እንደ አበባ የተሸራረፈ የመዳብ ሳንቲም ወጣች። የንጉሡ ምስልና ፲፱፻፴፮ አለባት። የድሮዋ ስሙኒ! መጀመሪያ ስትወጣ ክብ ነበረች። መጠኗ ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ሳንቲም የሚያሳልፏት ተንኮለኞች ተነሡ። ስለዚህ ጠርዟ እንዲህ ተደረገ፤ በጨለማም ቢሆን ጣት ይለያታል።

«ውሰጃት፣ ምን ትሠራልኛለች?» አሉኝ ሽማግሌው። እውነቱን ልንገርዎ፤ ዝም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ልጨምራት ነበር። ግን እንዲህ ያለችውን የሚፈልግ ሰው እንዳለና አዲስ አበባ ላይ እንደምትሸጥ ነገርኳቸው፤ የወሩን 300 ብሬንም አወጣሁ። መቶውን ወስደው ሁለት መቶውን መለሱልኝ። «መቼም ስለ ነገርሽኝ ነው» አሉ።

ልወጣ ስል አንዲት የቦዲ ሴት ጨው ልትገዛ ገባች። ከአንገቷ ጨሌ መሐል የተበሳ አሮጌ ሳንቲም ተንጠልጥሏል። ባለሱቁን አስተርጓሚ አድርጌ ትሸጥልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። «እናቷ ያሰረችላት ነው፤ የእናትን ነገር ማን ይሸጣል ትላለች» አሉኝ። አፈርኩ። ለሰብሳቢ የተበሳ ሳንቲም ዋጋው የወደቀ ነው፤ ለእሷ ግን ዋጋ ያገኘው ከተበሳ በኋላ ነው።

እርስዎም ከልጆችዎ ጋር መጀመር ካሰቡ ጥቂት ነገር ልበልዎ። ሁሉን አያሳድዱ፤ በ1969ኞቹ አምስት ሳንቲሞች፣ ከአንድ እስከ ሃምሳ ባሉት፣ ይጀምሩ። ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ የድሮዎቹ የነሐስ አምስትና አሥር ሳንቲሞች አይሳቡም፣ ብረት ሆነው የተቀቡት አዲሶቹ ግን ይጣበቃሉ። በሎሚና በአመድ አይፈትጉ፤ ያበራል፣ ዋጋው ግን ይሞታል። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ ጠቅልለው የት እንዳገኙት ይጻፉበት። የአክሱም ዘመን ሳንቲም ቢያቀርቡልዎ አይግዙ፤ ያ የአገር ቅርስ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ። በጉዞዎ ላይ ደግሞ ሰው ያጌጠበትን ነገር አንዴ ቢጠይቁ እንኳ ሁለተኛ አይጠይቁ።

ቤት ስገባ ስሙኒዋን ለልጄ ሰጠሁት። የግዕዝ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት። የሴትዮዋንም ነገር አጫወትኩት። ፖስታው ላይ «ሃና፣ ከአባባ ሱቅ» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶውን ተቀበለኝና ከሥሩ ጨመረበት፦ «ሌላዋ ከእናቷ ጋር ቀረች።»