«ሞቷል» የተባለው ሁሉ አልሞተም!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዓመት ሙሉ ሳይነቀል ሲሠራ የከረመ ቴሌቪዥን መብራት ሄዶ ሲመጣ «አልነሳም» ያላችሁ የለም? እኛ ቡታጅራ ይሄ የተለመደ ነው። ብዙው ሰው «መብራት አቃጠለው» ይልና ለቆራሌው ይሸጠዋል።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት በዋልኩበት ጊዜ የማዘወትረው የአንድ ጓደኛዬን ጥገና ቤት ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ቴሌቪዥናቸውን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ አመጡ። ሌላ ቦታ «አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ» ብለዋቸዋል። «ልጄ ዓረብ አገር ለፍታ በላከችው ብር የገዛሁት ነው፣ እባክህ የኔ ልጅ!» አሉ። ጓደኛዬ «አይዞዎት እማማ» ብሎ በቴስተር ለካ። ከግድግዳው የገባው 220 ቮልት ተጣርቶ 300 ገደማ ሆኖ ደርሷል፤ መውጫው ግን ዜሮ ነው። አንዲት ጤፍ የምታክል ሬዚስተር ቀየረ። ቴሌቪዥኑ በራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩን የሚመራው አይሲ ውስጥ እንደ ገበያ ሚዛን ድንጋይ የማይዋዥቅ መለኪያ ቮልቴጅ አለ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ዊድላር እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀው ዓይነት 1.2 ቮልት ገደማ ነው። ይህ መለኪያ የሚቆመው ራሱን በራሱ ደግፎ ነው፤ ከረንቱ ቮልቴጁን ይይዛል፣ ቮልቴጁም ከረንቱን። ታዲያ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑስ? ዜሮም መረጋጋት ነው! ሳይበላሽ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ገፍቶ የሚያስነሳው፣ ሲነሳ ደግሞ ዞር የሚል ማስነሻ ይሠራለታል።

የፓወር ሰፕላዩም ማስነሻ ሬዚስተር ሥራው ይኸው ነው። ቴሌቪዥኑ እየሠራ ሳለ ብትበጠስ ማንም አያውቅም፤ አይሲው ከተነሳ በኋላ ከሌላ መስመር ይመገባላ! ጉዱ የሚወጣው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ዕቃችሁ ካልተነሳ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ የተረፈ ቻርጅ ማስነሻውን ሊያታልለው ይችላል። ጠዋት በብርድ እምቢ ብሎ ቀትር ላይ የሚነሳ ከሆነ ይህንኑ ለባለሙያው ንገሩት፣ ትልቅ ፍንጭ ነው። ራሳችሁ ግን እንዳትከፍቱት! ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ቻርጅ ሊይዝ ይችላል። «አልቆለታል» ሲሏችሁ ደግሞ «ማስነሻውን አይተኸዋል?» በሉ።

መቼም ሰውም ከዚህ አይለይም። ሥራ ፈትቶ ቤት የሚውል ልጅ ሲታይ የተረጋጋ ነው፤ አይጣላ፣ አይጮህ። እኛ ግን «ሰነፍ» ብለን ቶሎ እንፈርድበታለን። የጉራጌ ሰው ለዚህ መድኃኒት አያጣም፤ መርካቶ የቀደመው ታናሹን ይጠራል፣ የዕቁብ ጓደኛም «መጀመሪያ እሱ ይውሰድ» ብሎ ዕጣውን ይለቃል።

ችግሩ ገፊው ዞር ሳይል ሲቀር ነው። ከመለኪያው ያልተላቀቀ ማስነሻ ልኩን ያዛባል። እዚሁ ከተማችን አጎቱ ሱቅ የከፈቱለት አንድ ልጅ አውቃለሁ። አጎት ባንኮኒው ላይ እንደተቀመጡ አራት ዓመት ሞላቸው። ልጁ ዛሬም «ስኳር ስንት ነው?» ሲሉት ዞሮ አጎቱን ያያል።

ጋሼ፣ አስነስተውታል፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን ወደ ቤትዎ ይሂዱለት!